«ሲስተሙ ላይ የለም»

በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ይዤ ቆሜ ነበር። ልጅቷ ስክሪኗን አየት አድርጋ «ሲስተሙ ላይ የለም» አለችኝ። ደረሰኙን አሳየኋት። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። «እሱማ ልክ ነው፤ ግን ሲስተሙ ላይ አልገባም። ሰኞ ብቅ በል» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ተንጫጩ፤ አንዱማ ስለ ሀገሪቱ ሙሉ ትንታኔ መስጠት ጀመረ። እኔ ዝም ብዬ ወጣሁ። ትዕግሥተኛ ሆኜ አይደለም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከመስኮቱ ወዲያ ቆሜ እኔም ተናግሬያት ስለማውቅ ነው።

ታሪኩ ረዘም ይላል። ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በ2003 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ። ጋዜጣ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከሚከፈተው የሚዘጋው ይበዛ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ሥራ ፈልጌ ሳጣ ዘመድ በዘመድ ተባብሎ አንድ የቁጠባና ብድር ድርጅት ውስጥ የማታ ኮምፒውተር ኦፕሬተር ሆንኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ዋናው መሥሪያ ቤት ካዛንቺስ ነበር፤ እኔ የምሠራበት ቅርንጫፍ ደግሞ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ። በሁለቱም ቦታ አንድ አንድ አይ ቢ ኤም ኤኤስ 400 የሚባል ማሽን ነበረ። እ.ኤ.አ. በጁን 1988 ለገበያ የወጣ ዘር ነው። ከግዙፉ ሜይንፍሬም ያንሳል፣ ከጠረጴዛ ኮምፒውተር ይገዝፋል፤ ለመካከለኛ ድርጅት ሂሳብ ተብሎ የተሠራ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል። እኔ ስደርስ ሰዉ ሁሉ «ሽማግሌው» ይለው ነበር፤ ግን ሲበላሽ አላየሁም። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

የእኔ ሥራ እንዲህ ነበር። ተበዳሪዎች ቀኑን ሙሉ ቂርቆስ መስኮት ላይ የወር ክፍያቸውን ይከፍላሉ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የቀኑን ክፍያ በሙሉ አንድ ፋይል አድርጌ ቴፕ ላይ እገለብጣለሁ። ሾፌሩ ቴፑን በላንቻና በመስቀል አደባባይ አድርጎ ካዛንቺስ ያደርሳል። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ይረከባል፣ ወደ ዋናው ማሽን ያስገባል። ያ ሌላው ሰው ጋሼ ነበሩ። ስማቸውን ትቼ «ጋሼ» ልበላቸው፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

ጋሼ ወደ ኮምፒውተር ክፍል የመጡት ከዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ንብረት ሲያስረክቡና ሲረከቡ ኖረው፣ ጡረታቸው ሲቃረብ «ታማኝ ስለሆኑ» ተብለው ሌሊት ሥራ ላይ ተመደቡ። (ይህ ሽልማት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አልገባኝም።) ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ጥቂት ነበር፤ ስለ ርክክብ ግን ከእርሳቸው የሚበልጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፣ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19። ጋሼ ቴፑንም የሚያዩት በዚሁ ዓይን ነበር። እኔ ቂርቆስ ላይ ልኬያለሁ ብዬ ስፈርም ያ ሞዴል 22 ነው። እርሳቸው ካዛንቺስ ላይ ቆጥረው ተቀብያለሁ ካላሉ ግን ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ።

ስለዚህ በየሌሊቱ ስልክ እንደዋወላለን። «ስንት ከፋይ?» ይላሉ። «ሁለት መቶ ስድስት» እላለሁ። «ሁለት መቶ ስድስት። ብሩስ?» ብሩን እስከ ሳንቲሙ አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በእርሳስ ደብተራቸው ላይ ጽፈው መልሰው ያነቡልኛል። ከዚያ «በቃ፣ ተኛ» ብለው ይዘጋሉ። ዛሬ መንግሥትም ባንክም «ሲስተሞችን ማናበብ» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ይኼ ስልክ ነው። ማናበብ ማለት መጀመሪያ ትርጉሙ ይኸው አልነበረም? አንዱ ያነባል፣ ሌላው የያዘውን ያያል፣ ከዚያ አዎ ወይም አይ ይላል።

በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ድርጅቱ ሁለቱን ቢሮዎች በኔትወርክ መስመር አገናኘ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ሥራውን በሙሉ ወደ ማሽን አዞረው። ማታ በተወሰነ ሰዓት የቂርቆሱ ማሽን ራሱ ፋይሉን ያዘጋጃል፣ ራሱ የካዛንቺሱን ማሽን ይጠራል፣ የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ፋይሉን ያስተላልፋል፣ ይዘጋል። የሚጠቀምበት መንገድ ኤፍ ቲ ፒ ይባላል፤ ሐሳቡ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሰው በኪቦርድ የሚጽፋቸውን ትእዛዞች በተራ አንድ ፋይል ውስጥ ጽፈህ ታስቀምጣለህ፤ ማሽኑ ከኪቦርድ ፈንታ ከዚያ ያነባል። ማሽኑ የሚመልሰውን ሁሉ ደግሞ ሌላ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ሾፌሩ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ጋሼ ወደ ቀን ሥራ ተመለሱ። ካዛንቺስ ሌሊት ሰው አልባ ሆነ። እኔ ብቻ ቂርቆስ ቀረሁ፤ የሚጠበቅብኝም ጠዋት ስክሪኑን አይቼ «ሥራው ተጠናቋል» የሚል ካለ መዝገቡ ላይ «ተልኳል» ብሎ መፈረም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። እንቅልፍ አገኘሁ፤ ለጋዜጣ የምጽፈውንም የጀመርኩት በእነዚያ ሌሊቶች ነው።

የመጀመሪያዎቹ ችግሮች የሚያስቁ ነበሩ። ባለሙያው «በስምንት ሰዓት ይሂድ» ተብሎ ተነገረው። እኛ ያልነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እርሱ ማሽኑ ላይ 8:00 ብሎ ሞላ፤ ያ ደግሞ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ መስመሩ የተጨናነቀበት ሰዓት። ማሽኑ «በወር መጨረሻ» ሲባል የሚያውቀውም የፈረንጁን ወር መጨረሻ ብቻ ነው፤ የእኛ 30 ለእርሱ ከወር ወር የሚለዋወጥ ቀን ነው፤ ጳጉሜን የሚባል ነገርማ ጭራሽ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ የዓመቱን የወር መዝጊያ ቀኖች በሙሉ አንድ በአንድ በእጅ አስገባንለት።

አንደኛው ግን ብዙም አላሳቀንም። ኤኤስ 400 ፊደልና ቁጥር የሚያስቀምጥበት ኮድ ከተራ ኮምፒውተር የተለየ ነው። የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል በተራ ኮምፒውተር 65 ሲሆን በእርሱ ዘንድ 193 ነው። ፋይሉ እንደ ጽሑፍ ሲላክ መንገድ ላይ ከአንዱ ኮድ ወደ ሌላው ይተረጎማል። ጽሑፉ ደህና ይተረጎማል። የገንዘቡ ቁጥር ግን ቦታ ለመቆጠብ ተጨምቆ የሚቀመጥ ስለሆነ ሲተረጎም ይበላሻል። በሙከራው ሳምንት ያልተበደረውን ያህል የከፈለ ሰው አየን። እንዳለ፣ ሳይተረጎም እንዲላክ ሲደረግ ተስተካከለ። የግዕዝ ፊደልስ? እርሱ ከመጀመሪያውም እዚያ ማሽን ውስጥ አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የእኛ ሽማግሌ ከዚያ በፊት የተሞላ ነው። የሰው ስም ሁሉ በላቲን ፊደል ነበር፤ ፀሐይ የምትባል ሴት ቂርቆስ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ካዛንቺስ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፋ ሁለት ሰው ትሆናለች።

ወደ ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም. እንምጣ። ሐሙስ ነበር፣ የወሩ መዝጊያ። መክፈያው ቀን ስለሆነ ሰልፉ እስከ ውጭ ደርሶ ነበር። 431 ሰው ከፍሎ ነበር፤ ቁጥሩን አልረሳሁትም። በዋዜማው የከፈሉት 187 ነበሩ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ማሽኑም አልጠፋም። የኔትወርክ ዕቃው ግን ጠፍቶ ሲነሣ መስመሩ ለተወሰነ ደቂቃ ተቋርጦ ነበር፤ ፋይሉ የሚሄደውም ልክ በዚያች ደቂቃ ነው።

ጠዋት ስክሪኑ «ሥራው ተጠናቋል» ይላል። እኔም «ተልኳል» ብዬ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት አለብኝ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። ማሽኑ አልዋሸም። «ኤፍ ቲ ፒን ጀምር» ተባለ፣ ጀመረ። ትእዛዞቹን በተራ አነበበ። አንዱም አልሠራም፤ አለመሥራቱንም በዚያ የመልስ ፋይል ውስጥ በትክክል ጻፈ። ከዚያ ትእዛዞቹ አለቁ፣ ሥራው አለቀ። ለእርሱ «ተጠናቋል» ማለት «ወረቀቱን አንብቤ ጨረስኩ» ማለት ነው። ፋይሉ ደርሶ ቢሆን ኖሮ መልሱ ውስጥ 226 ወይም 250 የሚል ቁጥር ይገኝ ነበር። ያንን ቁጥር ፈልግ ያለው ሰው አልነበረም፤ የመልሱን ፋይል የሚያነብ ሰውም አልነበረም። ማሽኑ ሞዴል 22 ቆርጧል። ሞዴል 19 ግን የለም።

ካዛንቺስ ላይ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ፋይሉ በየሌሊቱ የሚሄደው በአንድ ስም ነበር፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይጻፍና የትናንቱ ይጠፋል። ያን ሌሊት የዛሬው ስላልደረሰ የትናንቱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የካዛንቺሱ ማሽን ተነሣ፣ የለመደውን ስም አገኘ፣ ወደ ሂሳብ አስገባው። 187ቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ከፈሉ ተባለ። 431ዱ አልከፈሉም። ወሩ ተዘጋ፤ ቅጣቱም ራሱ ተሰላ።

በሳምንቱ ግድም ደመወዝ ልቀበል ቀን ገብቼ ሳለ አንዲት እናት መስኮቱ ላይ አየሁ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ የቂርቆስ ሴት ናቸው። አምስት ሆነው በቡድን ዋስትና ነው የተበደሩት፤ አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍላሉ። የብድር ሠራተኛው ዝርዝር ይዞ ሄዶ አራቱን ሰብስቦ «እኚህ አልከፈሉም» ብሏቸዋል። ደረሰኛቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ገንዘብ ያዢዋ «ሲስተሙ ላይ የለም» አለቻቸውና፣ እኔን ስታይ «ይኸው የሚልከው ልጅ፣ እርሱን ይጠይቁት» አለች።

መዝገቡን ገልጬ ፊርማዬን አሳየኋቸው። «እናቴ፣ ከዚህ ተልኳል» አልኩ። ልክ እንደ ማሽኑ እኔም አልዋሸሁም።

«እኔ የሰጠሁት እዚህ ነው» አሉኝ። «ከዚህ ወዲያ የት እንደላካችሁት እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። «ይጣራል» አልኩ። አላጣራሁም። ደመወዜን ተቀብዬ ሄድኩ፤ ማታም ተመልሼ ማሽኑ አጠገብ ተኛሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ቀላል ይመስላል።

ያጣሩት ጋሼ ናቸው፤ ያውም ማንም ሳያዝዛቸው። የቀን ሥራ ላይ ሆነው እንኳን ያቺን ደብተር አልተዉም ነበር፤ ጠዋት ሲገቡ የደረሰውን ፋይል ቁጥር ለራሳቸው ይጽፋሉ። የቅሬታው ወሬ ሲደርሳቸው ደብተሩን ገለጡ። ጥር 29፣ 187 ከፋይ። ጥር 30፣ 187 ከፋይ። ብሩ እስከ ሳንቲሙ አንድ። ስልክ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ገንዘብ ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ?»

ስህተቱ በአንድ ሌሊት፣ ያለ ማንም ፊርማ ነው የተሠራው። ማስተካከያው ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቅጣት ለመሰረዝ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ የአራት ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፈራሚ ደግሞ ስልጠና ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ከፈሉ የተባሉት 187ቱ በማግሥቱ ተነሣባቸው። 431ዱ እየተመላለሱ ደረሰኝ አሳዩ። ደረሰኙ የጠፋበትስ? እሱን ዛሬም አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ነገር ረቂቅ አይደለም፤ ግማሹ የጋሼ የግምጃ ቤት ሕግ ነው። ፋይሉ በየቀኑ ስሙ ላይ ቀኑን ይዞ እንዲሄድ ተደረገ፤ የትናንቱ ዛሬን መስሎ አይቀርብም። ሲላክ በጊዜያዊ ስም ይላካል፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርስ ብቻ ወደ እውነተኛ ስሙ ይቀየራል፤ ግማሽ ፋይል ማንም አይከፍተውም። የመጨረሻው መስመር ላይ የከፋዩ ብዛትና የብሩ ድምር ይጻፋል። ካዛንቺስ ላይ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ደምሮ ከዚያ መስመር ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አያስገባም። ከገጠመ አንዲት ትንሽ ፋይል ወደ ቂርቆስ ትመለሳለች፤ ባለሙያው በእንግሊዝኛ ስም ሊያወጣላት ሲል ጋሼ «ሞዴል 19 በላት» አሉ፤ ቁጥሩ ብቻ ስሟ ሆነ። እርሷ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ካልተመለሰች የእኔ ስክሪን ይጮሃል። ወር ደግሞ በቅጣት አይዘጋም፣ የሁሉም ቅርንጫፍ 19 ካልተሟላ በቀር። ይህ ሁሉ አራት ቀን ሥራ ነው። ከመጀመሪያው ያልተሠራው ከባድ ስለሆነ አልነበረም፤ ማስተላለፉ የሚታይ ሥራ ነው፣ ተቀብያለሁ ማለቱ ግን ለማንም አይታይም።

ይህንን ዛሬ የማነሣው ያ አንድ ድርጅት ስላናደደኝ አይደለም። ያኔ ሁለት ማሽን ነበር፤ አሁን ሁሉም ነገር ተገናኝቷል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያስተላልፈውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2011 ጀመረ፤ ኢትስዊች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ማሠራት ጀመረ። ጥሩ ነገር ነው፤ የድሮው ይሻላል የሚለኝ ካለ ቴፕ ይዞ በዝናብ ላንቻ ላይ ቆሞ ይየው። ግን ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጣችሁ ከሂሳባችሁ የቀነሰ ቀን አስታውሱ። ለመቀነስ አንድ ሰከንድ፤ ለመመለስ ደግሞ ማመልከቻና ቀናት። ሁለቱ ባንኮች ዝርዝራቸውን እስኪያመሳክሩ እናንተ ናችሁ መንገድ ላይ ያላችሁት።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ነገሩ የፋይል መላክ ጉዳይ አልነበረም፤ ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ የተፈጠረ ነው አለ። ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ አወጣ፤ ያለአግባብ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው ተባለ። ያልመለሱ ሰዎች ስም ዝርዝርና ፎቶ ሳይቀር በይፋ ተለጠፈ። የሌላ ሰው ገንዘብ ይመለስ፤ በዚህ አልከራከርም። እኔን ያስገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ሲስተም በተቋሙ ላይ ሲሳሳት እያንዳንዱ ሰው በስሙ፣ በቀናት ውስጥ ይገኛል። ሲስተም በእንጀራ ጋጋሪዋ ላይ ሲሳሳት ግን የማስረዳቱ ሥራ የእርሳቸው ነው፤ ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው። ያው ማሽን፣ ያው መዝገብ። የሚለየው ማን ላይ እንደተሳሳተ ነው።

ስለዚህ አንድ ተቋም ከሌላው ጋር «ተናበበ» የሚል ዜና ሳነብ፣ ጋዜጠኛ ነኝና፣ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኗል። ስንት መረጃ በሰከንድ ይላካል የሚለውን ለሌሎች ትቻለሁ። ያልደረሰው እንዳልደረሰ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? ሁለት ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎችን ጠይቄ «ሲስተሙ አስተማማኝ ነው» የሚል መልስ አግኝቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ወጣት ባለሙያ ፈገግ ብላ «ደንበኛው ነው መጀመሪያ የሚያውቀው» አለችኝ፤ ስሜን እንዳትጽፍ ብላ።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ሄጄ አይቼ ነበር። ስሙ የመጣው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ካሠራበት መሥሪያ ቤት ነው ይባላል፤ ገና ከጥንቱ የጸሐፊና የመዝገብ ቤት ሰው ሰፈር ነው። ማሽኑ የነበረበት ሕንፃ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ድርጅቱ ከዚያ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽማግሌውም የት እንደተወሰደ አላውቅም። ጋሼ ግን አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለ ደብተሩ አነሣሁባቸው። ልጃቸው ከቁም ሳጥን አወጣችው። ጥር 30 ያለበትን ገጽ አገኘሁት፤ 187 ተሰርዞ ከላይ 431 ተጽፏል፣ አጠገቡ የሚያርሙበት ቀንና ፊርማ። ከሥሩ ደግሞ እኔ የማላውቀው አንድ መስመር ነበር፦ የዚያች እናት ስምና «ቅጣቱ መነሣቱ በአካል ተነግሯቸዋል» የሚል።

«ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው?» አልኳቸው።

«ታዲያ በምን ያውቃሉ?» አሉኝ።